ለደራሲው የከፈለው ማን ነው?

የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ከብራና እስከ ስድስት ፔንስ መጽሐፍ

(በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በሚያዝያ 1667 ጆን ሚልተን የሚባል ዓይነ ስውር ባለቅኔ ከአንድ የለንደን አታሚ ጋር ተዋዋለ። እሱ በቃሉ ሲያወርደው ሌሎች እየጻፉለት ዓመታት የፈጀውን «የጠፋችው ገነት» የተሰኘ ታላቅ ግጥሙን አስረከበና 5 ፓውንድ ተቀበለ። 1,300 ቅጂ ከተሸጠ በኋላ ሌላ 5 ፓውንድ ተጨመረለት። በሕይወት ሳለ ከዚህ ሥራው ያገኘው ገንዘብ ይኸው ነው። በ1814 ሎርድ ባይረን ስለ አንድ የባሕር ወንበዴ የጻፈውን ግጥም ሲያወጣ ግን በመጀመሪያው ቀን ብቻ 10,000 ቅጂ ተሸጠለት።

ባይረን ከሚልተን ይበልጣል የሚል ሐያሲ ብዙም አይገኝም። ልዩነቱ ከገጣሚዎቹ ውጭ ነው። በመካከል ባለፉት 147 ዓመታት ማንበብ የሚችለው ሕዝብ በዝቷል፤ መጽሐፍ መሸጥ ትልቅ ንግድ ሆኗል፤ ደራሲውም በሕግ የታወቀ መብት አግኝቷል።

የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ በትምህርት ቤት የቀመሰ ሰው የዘመናቱን ስም ያስታውስ ይሆናል፤ የጥንቱ፣ የመካከለኛው፣ የህዳሴው፣ የሮማንቲኩ፣ የቪክቶሪያው፣ የዘመናዊው እየተባለ ይዘረዘራል። ስሞቹ ለፈተና ይበጃሉ፤ አንዱ ዘመን ለምን በሌላው እንደ ተተካ ግን አይነግሩንም። ይህን ለመረዳት በየዘመኑ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ ይጠቅማል፤ ለደራሲው እንጀራ የሚቆርስለት ማን ነበር? ገዳሙም፣ ንጉሡም፣ የመድረክ ተመልካቹም፣ መጽሐፍ አከራዩም ለየራሳቸው የሚስማማውን ጽሑፍ አስጽፈዋል።

ጌታ ያዘፍናል፣ ገዳም ያስጽፋል

አንግሎችና ሳክሶኖች በአምስተኛው መቶ ዓመት ከሰሜን ባሕር ማዶ ወደ ብሪታንያ ሲመጡ ግጥማቸውን የያዙት በቃላቸው ነበር። በጌቶች አዳራሽ ግብር ሲበላ በገና እየተደረደረ የጀግኖች ገድል ይዘፈናል። አገጣጠሙ ከእኛ ይለያል፤ የአማርኛ ግጥም በስንኙ መጨረሻ ቤት ሲመታ፣ የጥንቱ እንግሊዝኛ ግጥም በስንኙ ውስጥ ያሉት ቃላት በመነሻ ድምፃቸው እንዲገጥሙ ይፈልግ ነበር።

ዘፋኙን የሚሸልመው ጌታው ነው። ጽሕፈት ግን የገዳም ሥራ ነበር፤ ብራናውም፣ ቀለሙም፣ ፊደሉም ያለው እዚያ ነው። በስም የምናውቀው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ገጣሚ ካድሞን በሰባተኛው መቶ ዓመት በዊትቢ ገዳም ከብት ጠባቂ ነበር። በ731 የእንግሊዝን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጽፎ የጨረሰው መነኩሴ ቢድ እንደሚተርከው፣ ካድሞን በግብዣ ላይ በገናው ወደ እሱ ሲቀርብ መዝፈን ስለማይችል ተነሥቶ ይወጣ ነበር። አንድ ሌሊት በሕልሙ ስለ ፍጥረት እንዲዘምር ታዘዘና ዘመረ። እመ ምኔቷ ሂልዳ ይህን ስትሰማ ወደ ማኅበሩ አስገባችው፤ ከዚያ ወዲያ ሊቃውንቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሲነግሩት እሱ ወደ ግጥም ይለውጠው ጀመር።

የአዳራሹና የገዳሙ ጋብቻ ጎልቶ የሚታየው በ«ቤዎልፍ» ነው። 3,182 ስንኞች ያሉት ይህ ግጥም ታሪኩ የሚፈጸመው በስካንዲኔቪያ ነው፤ ጀግናው መጀመሪያ አንድ ጭራቅ፣ ቀጥሎ የጭራቁን እናት፣ በስተርጅና ደግሞ ዘንዶ ይገጥማል። የሚወደሱት ጀግኖች አረማውያን ናቸው፤ ተራኪው ግን ክርስቲያን ነው። ግጥሙ ለእኛ የደረሰው በ1000 ገደማ በተጻፈ በአንድ ብራና ብቻ ሲሆን፣ እሱም በ1731 ከተነሣ የእሳት ቃጠሎ ጠርዙ ተለብልቦ ተርፏል። ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። የአንድ ዘመን ትልቁ ሥራ በአንዲት ጥራዝ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ከጎኑ የጠፋው ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የጉምሩክ ሹሙ ገጣሚ

በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ያዘ። ቤተ መንግሥቱ ፈረንሳይኛ፣ ቤተ ክህነቱ ላቲን፣ ገበሬው እንግሊዝኛ የሚናገርበት አገር ሆነ። ለግጥም የሚከፍሉት ሰዎች ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስለ ነበሩ ባለሙያው ገጣሚ በፈረንሳይኛ ጻፈ። እንግሊዝኛ በስብከት፣ በመዝሙርና በሕዝብ ዘፈን ነፍሱን አቆየ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ግን ከፈረንሳይ ጋር የተጀመረው ረጅም ጦርነት የመኳንንቱን ልብ አዞረ፤ በ1362 በፍርድ ቤት የሚደረግ ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተደነገገ።

ጄፍሪ ቾሰር የዚህ ትውልድ ሰው ነው። የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ ሲሆን፣ በፈረንሳይ ጦር ተማርኮ በ1360 ንጉሡ ለማስለቀቂያው 16 ፓውንድ አዋጥቶለታል። በ1374 ንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ በየቀኑ አንድ ማድጋ ወይን ጠጅ እንዲሰጠው አዘዘ፤ በዚያው ዓመት በለንደን ወደብ የሱፍ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ሆነ። ቀን ሒሳብ እየመረመረ ማታ ይጽፍ ነበር። ከሥራው ያተረፈው ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ ከመርከበኛ፣ ከነጋዴ፣ ከባላባትና ከመነኩሴ ጋር በየዕለቱ መነጋገሩ ጆሮውን ሳለለት። «የካንተርበሪ ተረቶች» በሚባለው ሥራው ወደ ቅዱስ ቶማስ ቤኬት መቃብር የሚጓዙ ሠላሳ ያህል ተሳላሚዎች መንገዱን በተረት ያሳልፋሉ። ባላባቱ በጨዋ ቋንቋ ስለ ፍቅር ተርኮ ሲጨርስ፣ ሰካራሙ ወፍጮ ባለቤት ተራውን ሳይጠብቅ ገብቶ የባለጌ ወሬ ያመጣል። ከዚያ በፊት በእንግሊዝኛ ይህን ያህል የተለያየ የሰው ድምፅ በአንድ መጽሐፍ ተሰምቶ አያውቅም። ዕቅዱ ወደ 120 ተረት ነበር፤ በ1400 ሲሞት የተገኘው 24 ነው።

ቾሰር የጻፈው ለሚያውቃቸው ሰዎች ነው፤ መጽሐፉ የሚባዛው በእጅ ነበር። በ1476 ዊልያም ካክስተን በዌስትሚንስተር የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ ቤት ሲከፍት ካተማቸው ቀዳሚ መጻሕፍት አንዱ የቾሰር ተረቶች ነበር። የእጅ ጸሐፊ የሚጽፈው ሲታዘዝ ነው። አታሚ ግን ገዢው ከመምጣቱ በፊት መቶዎችን አትሞ ይጠብቃል፤ ስለዚህ የማያውቀው ሰው ምን እንደሚወድ መገመት አለበት። የመጽሐፍ ገበያ የተወለደው ከዚህ ግምት ነው።

አንድ ፔኒ ይዞ የመጣ ሁሉ

የኅትመትን ኃይል መጀመሪያ የተረዱት ሃይማኖተኞች ናቸው። ዊልያም ቲንደል አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛ ተርጉሞ በ1526 በጀርመን አገር አሳተመና መጽሐፉ በሸቀጥ መካከል ተደብቆ እንግሊዝ ገባ። ቲንደል በ1536 በብራስልስ አቅራቢያ ተገደለ። በ1611 በንጉሥ ጀምስ ትእዛዝ የወጣው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ዐረፍተ ነገሮቹን የወሰደው ከዚሁ ሰው ነው። ይህ ትርጉም በየቤቱ ስለ ተነበበ የኋለኞቹን ደራስያን ጆሮ የቀረጸው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማንበብ የማይችለውን ሕዝብ ያገኘው ደግሞ መድረክ ነው። በ1576 ጀምስ በርቤጅ ከለንደን ቅጥር ውጭ ቋሚ ቲያትር ቤት ሠራ። የዚያው ቤት እንጨት ተነቅሎ ቴምዝን ተሻገረና በ1599 ግሎብ የሚባለው ቲያትር ተተከለበት። አንድ ፔኒ የከፈለ ቆሞ ያያል፤ የጨመረ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ተውኔት ነገሥታትን፣ የሕግ ተማሪዎችንና ጫማ ሰፊዎችን በአንድ ከሰዓት ማስደሰት ነበረበት። በሼክስፒር ሥራዎች ውስጥ ከንጉሥ እንጉርጉሮ ቀጥሎ የመቃብር ቆፋሪ ቀልድ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ዊልያም ሼክስፒር ሀብት ያፈራው በድርሰት ክፍያ አይደለም። ተውኔት ጽፎ መሸጥ ጥቂት ፓውንድ ነው የሚያስገኘው፤ እሱ ግን በ1594 ከተቋቋመው የተዋንያን ማኅበር ባለ አክሲዮኖች አንዱ ነበር። በ1597 በትውልድ ከተማው በስትራትፎርድ ትልቅ ቤት ለመግዛት በቃ። ተውኔቶቹ የማኅበሩ ንብረት ስለ ሆኑና ለተፎካካሪ እንዳይጋለጡ ስለ ተፈለገ ግማሾቹ በሕይወት ሳለ አልታተሙም። ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1623፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ 36 ተውኔቶቹን በአንድ ጥራዝ አሳተሙ፤ ከእነዚህ 18ቱ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም። «ማክቤዝ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ሁለቱ ሰዎች ባይደክሙ ኖሮ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ያቀረበው «ማክቤዝ» ምንጩ ባልተገኘ ነበር። «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ንም የተረጎመው ጸጋዬ ነው፤ ከእሱ በፊት ከበደ ሚካኤል «ሮሚዮና ዡልዬት»ን ወደ እኛ አምጥተዋል።

በ1642 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ፓርላማው ቲያትር ቤቶችን ዘጋ። በ1660 የንጉሥ አገዛዝ ሲመለስ መድረኩም ተከፈተ፤ እስከዚያ ድረስ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንድ ልጆች ነበሩ፤ አሁን ሴቶች ራሳቸው ወጡ። አፍራ ቤን የምትባል ሴትም ተውኔት እየጻፈች በብዕሯ መተዳደር ጀመረች።

ደጅ ጥናት ሲያበቃ

በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሳይታሰብ ትልቅ ለውጥ መጣ። ከኅትመት በፊት ፈቃድ የሚጠይቀው ሕግ በ1695 ጊዜው ሲያልፍ አልታደሰም። ጋዜጣ ፈላ፤ የለንደን ቡና ቤቶች ጋዜጣ እየተነበበ የሚሟገቱባቸው ሸንጎዎች ሆኑ። በ1710 የወጣው ሕግ ደግሞ የመጽሐፍ መብት በመጀመሪያ የደራሲው መሆኑን አወቀ፤ ዘመኑም 14 ዓመት ሆኖ ደራሲው በሕይወት ካለ ለሌላ 14 ዓመት ይታደሳል።

እስከዚያ ድረስ ደራሲ የሚኖረው የባለጸጋ ደጅ እየጠና፣ መጽሐፉን በውዳሴ መግቢያ እያበረከተ ነበር። አሌክሳንደር ፖፕ ሌላ መንገድ አገኘ። የሆሜርን «ኢሊያድ» ሲተረጉም ገና ሳያትመው ከብዙ መቶ ሰዎች ቅድሚያ ክፍያ ሰበሰበና ወደ 5,000 ፓውንድ አተረፈ። ካቶሊክ በመሆኑ ዩኒቨርሲቲ መግባትም ሆነ የመንግሥት ሹመት ማግኘት ለተከለከለ ሰው ይህ ነጻነት ነበር።

አዲሱ አንባቢ ነጋዴ፣ የእጅ ባለሙያና የቤት እመቤት ነው። ስለ ትሮይ ነገሥታት ከማንበብ ይልቅ ስለ ራሱ ቢጤ ማንበብ ይፈልጋል። ዳንኤል ዴፎ ስልሳ ሊሞላው ሲል በ1719 ያወጣው «ሮቢንሰን ክሩሶ» ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ዕቃውን እየቆጠረ፣ ትርፍና ኪሳራውን እየመዘገበ ስለሚኖር ሰው ነው። ልብ ወለድ የሚባለው ዘውግ በእንግሊዝ ሥር የሰደደው ከዚህ በኋላ ነው። ተከታዩ ትልቅ ስም ሳሙኤል ሪቻርድሰን ራሱ አታሚ ነበር፤ የ1740ው «ፓሜላ» ጀግና የቤት ሠራተኛ ናት።

የሽግግሩ ምልክት ግን ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ለመዝገበ ቃላቱ ዕቅድ የሎርድ ቼስተርፊልድን ድጋፍ ጠይቆ ችላ ተባለ። በመጻሕፍት ነጋዴዎች ገንዘብ ዓመታት ደክሞ በ1755 ሥራው ሊወጣ ሲል ሎርዱ በጋዜጣ ማሞገስ ጀመረ፤ ጆንሰንም ዘግይቶ የመጣ ደጋፊ ምን ይረባል የሚል መንፈስ ያለበት ደብዳቤ ላከለት። ደብዳቤው የደጅ ጥናት ዘመን የፍቺ ወረቀት ተደርጎ ይጠቀሳል። እውነቱ ግን ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል፤ ይኸው ኩሩ ሰው በ1762 ከመንግሥት በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ተቀብሏል።

ጆንሰን ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ1735 ያወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ በሱስንዮስ ዘመን ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ የጄሮኒሞ ሎቦ የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነው። በ1759 እናቱ ሲሞቱ የቀብር ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ 100 ፓውንድ፣ ለሁለተኛው እትም ደግሞ 25 ፓውንድ ተከፈለው። ታሪኩ በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ስለተዘጋበትና ደስታን ፍለጋ ስለሚወጣ የሐበሻ ልዑል ነው፤ ነገሥታት ልጆቻቸውን በአምባ ያኖሩበት የግሸን ወሬ ከጀርባው አለ። ጆንሰን አገራችንን አላያትም፤ የጻፈው ስለ ሰው ልጅ ተስፋ ከንቱነት ነው። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

በቅድሚያ ክፍያ መታተም ድሆችንም አገለገለ። በባርነት ተሽጦ ራሱን የዋጀው ኦላውዳ ኢኩያኖ በ1789 የሕይወት ታሪኩን ያሳተመው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በሕይወቱ ዘጠኝ ጊዜ ታተመለት፤ የባሪያ ንግድ ይቁም የሚሉትንም ወገኖች አጠነከረ።

ከገበያው የሸሹና ገበያውን የገዙ

በ1798 ዊልያም ዎርድስዎርዝና ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ ስም ሳይጽፉ አንድ የግጥም ስብስብ አወጡ። የሮማንቲኩ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚህ ነው። ዎርድስዎርዝ በ1800 በጻፈው መቅድም ግጥም በተራ ሰው ቋንቋ ስለ ተራ ሰው ሕይወት ሊናገር ይገባል አለ። የፈረንሳይ አብዮት ተስፋና ተስፋ መቁረጥ፣ ፋብሪካ የወረሰው ገጠርና የባዶ ቤት እረኞች ከጀርባው አሉ። ገጣሚው አሁን ለደጋፊ አያጎበድድም፤ ለገበያም አልጻፍም ይላል። ዊልያም ብሌክ መጽሐፎቹን ራሱ በመዳብ ቀርጾ፣ ራሱ ቀለም ቀብቶ ለጥቂት ሰዎች ይሸጥ ነበር።

ከሮማንቲክ ገጣሚዎች ኪትስ በ25 ዓመቱ፣ ሸሊ በ29፣ ባይረን በ36 ሞቱ። ከሦስቱ በገበያ የሠመረለት ባይረን ብቻ ነው። የሸሊ ሚስት ሜሪ በ1818 ስሟን ሳትገልጽ ያሳተመችው «ፍራንክንስታይን» የመጀመሪያ እትሙ 500 ቅጂ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከዘመኑ መጻሕፍት ይበልጥ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ጄን ኦስተንም የመጀመሪያ ልብ ወለዷን በ1811 ያወጣችው በራሷ ወጪ፣ ደራሲዋ «አንዲት እመቤት» ተብላ ነው። 140 ፓውንድ አተረፈችበት። «ኩራትና ጥላቻ»ን በ110 ፓውንድ መብቱን ጠቅልላ ሸጠችና የመጽሐፉ ትርፍ ለአሳታሚው ሆነ።

የሦስት ጥራዝ ዘመን

በቪክቶሪያ ዘመን አዲስ ልብ ወለድ በሦስት ጥራዝ 31 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይሸጥ ነበር፤ ይህን ሠራተኛው ቀርቶ መካከለኛው መደብም አይችለውም። መውጫው ሁለት ነበር። አንደኛው በየወሩ ክፍል በክፍል ማውጣት ነው። ቻርልስ ዲከንስ በ1836 «የፒክዊክ ወረቀቶች»ን በወር በአንድ ሽልንግ ጀመረ፤ ሲጨርስ የወሩ ሽያጭ 40,000 ደርሶ ነበር። አባቱ በዕዳ ሲታሰሩ በ12 ዓመቱ ፋብሪካ የገባው ልጅ አሁን በየወሩ የአገሩን ሰው ያስለቅስና ያስቅ ጀመር። የልብ ወለዶቹ ርዝመት፣ የገጸ ባሕርያቱ ብዛት፣ በየክፍሉ መጨረሻ የሚንጠለጠለው ታሪክ ከዚህ አሻሻጥ የመጡ ናቸው።

ሁለተኛው ኪራይ ነው። በ1842 የተከፈተው የቻርልስ ሙዲ አከራይ ቤት በዓመት 21 ሽልንግ አንድ አንድ ጥራዝ ያውስ ነበር። ሦስት ጥራዝ ማለት አንድ ልብ ወለድ በአንድ ጊዜ ለሦስት ደንበኛ ይከራያል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሙዲ ረጅም መጽሐፍ ወደደ፤ ደራሲውም አስረዘመ። ለቤት ልጃገረድ የማይሆን መጽሐፍ ሙዲ አይገዛም ነበርና ደራሲው ብዕሩን ቆጠበ። የብሮንቴ እኅትማማቾች በ1846 በወንድ ስም ያወጡት የግጥም መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ብቻ ተሸጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት የአንዷ ልብ ወለድ «ጄን ኤር» ሲወጣ ግን እንግሊዝ ደራሲው ማን ነው ብላ ተንጫጫች። ሜሪ አን ኤቫንስም ጆርጅ ኤልየት በሚል የወንድ ስም «ሚድልማርች»ን የሚያህል ሥራ ሰጥታለች።

በ1870 የወጣው የትምህርት አዋጅ የድሃውን ልጅ ፊደል አስቆጠረ። አዲሱ አንባቢ አጭርና ርካሽ ነገር ፈለገ። ከ1891 ጀምሮ የልብ ወለዱ መርማሪ ሸርሎክ ሆልምስ በወርኃዊ መጽሔት ላይ ወንጀል ሲያነፈንፍ፣ በ1894 ሙዲና ቢጤዎቹ ሦስት ጥራዙን ራሳቸው ገደሉት።

ባንክ ቤት፣ የእጅ ማተሚያና ስድስት ፔንስ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቪክቶሪያን ቋንቋ ባዶ አደረገው። ዊልፍሬድ ኦውን የጦር ሜዳውን ጋዝና ጭቃ በግጥም መዝግቦ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተገደለ። ከጦርነቱ የወጣው ሥነ ጽሑፍ የተሰባበረ፣ አንባቢን የሚፈትን ሆነ። ብዙኃኑ እንደማይገዛው ደራስያኑም ያውቁ ስለ ነበር ኑሯቸውን በሌላ አቆሙ። «ባድማው ምድር»ን በ1922 ያወጣው ቲ. ኤስ. ኤልየት የባንክ ሠራተኛ ነበር። በዚያው ዓመት የጀምስ ጆይስ «ዩሊሰስ» ለንደን ስላልደፈረችው ፓሪስ ውስጥ በአንዲት አሜሪካዊት መጽሐፍ ሻጭ ወጪ ታተመ። ቨርጂኒያ ዉልፍና ባሏ ደግሞ በ1917 የእጅ ማተሚያ ገዝተው ቤታቸው ውስጥ አሳታሚ ሆኑ። ዉልፍ በ1929 ሴት ልጅ ለመጻፍ በዓመት 500 ፓውንድና የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል ስትል ይህ ምዕራፍ የሚከተለውን ጥያቄ በግልጽ አንሥታዋለች።

በ1935 አለን ሌን የተባለ አሳታሚ ጥሩ መጻሕፍትን በወረቀት ሽፋን በ6 ፔንስ መሸጥ ጀመረ፤ ዋጋው የአሥር ሲጋራ ፓኮ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሆኖም መጽሐፍ ረከሰ ማለት ሁሉም ነገር ይታተማል ማለት አይደለም። የጆርጅ ኦርዌል «የእንስሳት እድር» ሶቪየት ኅብረት የጦር አጋር በነበረችበት በ1944 በብዙ አሳታሚዎች ተመልሷል። ከመለሱት አንዱ በወቅቱ የማተሚያ ድርጅት አርታኢ የነበረው ያው ቲ. ኤስ. ኤልየት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝኛ መጻፍ ከእንግሊዞች እጅ ይበልጥ እየወጣ ሄደ። በ1958 የአፍሪካዊው ደራሲ የቺኑዋ አቼቤ «ነገሮች ተበታተኑ» በለንደን 2,000 ቅጂ ታተመ። አሳታሚው በ1962 የአፍሪካ ደራስያንን ተከታታይ ሲጀምር አቼቤ አማካሪ አርታኢ ሆነ፤ ገዢዎቹ በአመዛኙ ነጻ በወጡት አገሮች ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። የእኛው ዳኛቸው ወርቁ በ1973 በዚሁ ተከታታይ «አሥራ ሦስተኛው ፀሐይ»ን በእንግሊዝኛ አሳትሟል። በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የዛንዚባሩ አብዱልራዛቅ ጉርናህ በስደት እንግሊዝ የገባ ሰው ነው፤ ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ አገር የተወለደው ለምን ሲሳይም ዛሬ ከአገሪቱ ታዋቂ ገጣሚዎች አንዱ ነው።

ከፋዩን ማወቅ ሁሉን አያስረዳም። ያው አንድ ፔኒ ሼክስፒርንም፣ ዛሬ ስማቸው የተረሳ ብዙ ተውኔት ጸሐፊዎችንም መግቧል፤ ሊቅነትን ገንዘብ አይፈጥረውም። ገንዘቡ የሚወስነው መጽሐፉ በምን ቋንቋ እንደሚጻፍ፣ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ማን በውስጡ እንደሚናገርና ማን ዝም እንደሚል ነው። ይህንን ሥነ ጽሑፍ ማንበብ የምትጀምሩ ሁሉ ከጥንቱ ተነሥታችሁ አትድከሙ፤ ከኦርዌል ወይም ከአቼቤ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። የጸጋዬንና የከበደ ሚካኤልን ትርጉም ከእንግሊዝኛው ጎን አስቀምጡ። መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት ደግሞ የታተመበትን ዓመት አይታችሁ፣ ይህንን ማን ገዝቶ ሊያነበው ታስቦ ተጻፈ ብላችሁ ጠይቁ።